ኒፕሲ ሀስል፦ የ100 ዶላሩ ሲዲ፣ የማስተር ባለቤትነትና ከሞቱ በኋላ የሆነው (ረጅም ክር)

#1 ክሬንሾ_ማስታወሻ

በየዓመቱ መጋቢት 22 ሲደርስ የሐበሻው ቲክቶክ በተገደለው ራፐር በኒፕሲ ሀስል ፎቶና በሰማያዊ ልብ ይጥለቀለቃል። መልካም ነው። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ግን አብዛኛው ተረት ነው። ያልተናገረው ጥቅስ በስሙ ይለጠፋል፣ የ100 ዶላሩ ሲዲ በአንድ ሌሊት ሚሊየነር አደረገው ይባላል፣ ከትልቅ ኩባንያ ጋር ሳይዋዋል ሞተ ይባላል። ሰውየው ሲያወራ የኖረው ስለ ውልና ስለ ባለቤትነት ስለሆነ እኛም በዚያው ቋንቋ እናስታውሰው። የሚያውቅ ሰው ቁጥሩንና አሠራሩን ያስቀምጥ።

መነሻ የሚሆነውን ልጻፍ። ከዚህ በታች ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኒፕሲ፣ በእውነተኛ ስሙ ኤርምያስ አስገዶም፣ ኦገስት 15፣ 1985 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። አባቱ ዳዊት አስገዶም ኤርትራዊ፣ እናቱ አፍሪካ አሜሪካዊት ናቸው። ያደገው ደቡብ ሎስ አንጀለስ፣ የክሬንሾና የስላውሰን ጎዳናዎች በሚገናኙበት ሰፈር ነው። በወጣትነቱ የሰፈሩ ጋንግ አባል እንደነበር ደብቆ አያውቅም። በ2004 ኤርትራ ሄዶ ሦስት ወር ያህል ቆየ፤ በ2018 ተመልሶ ሄደ። የመጀመሪያ ሚክስቴፑን (በአብዛኛው በነጻ የሚለቀቅ የዘፈን ስብስብ) በ2005 አወጣ። ኤፒክ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ጀምሮ በ2010 ለቀቀና ኦል መኒ ኢን የሚባል የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ዲሴምበር 2010 ላይ "ዘ ማራቶን"ን ያወጣው በዚያ ስም ነው። ብቸኛው የስቱዲዮ አልበሙ "ቪክትሪ ላፕ" የወጣው ፌብሩዋሪ 16፣ 2018 ሲሆን እሱም አትላንቲክ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር በሽርክና ነው። ማርች 31፣ 2019 ስላውሰን ላይ ከነበረው የልብስ ሱቁ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። 33 ዓመቱ ነበር።

የሴራ ወሬ ይዞ የሚመጣ ሌላ ክር ይክፈት። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ጨርሷል፤ ገዳዩ ጁላይ 2022 ላይ በአንደኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፣ ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ከ60 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

#2 ደረሰኝ

"ክሬንሾ" በተባለው ሚክስቴፑ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ኦክቶበር 8፣ 2013 ሚክስቴፑ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ወጣ። ጎን ለጎን 1,000 ሲዲ ብቻ ታትሞ እያንዳንዱ 100 ዶላር ተተመነለት። ዘመቻውን "ፕራውድ ቱ ፔይ" (ኮርቶ መክፈል) አለው። አንድ ቀን ሳይሞላው አለቀ። ራፐሩ ጄይ ዚ 100 ቅጂ ወሰደ፣ ያ ብቻውን 10,000 ዶላር ነው። ሐሳቡን ያገኘው የዋርተን ንግድ ትምህርት ቤት መምህሩ ጆና በርገር ስለ ወሬ አዛመት ከጻፈው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ፊላደልፊያ የሚገኝ ምግብ ቤት ርካሹን የሥጋ ሳንድዊች በውድ ግብዓት ሠርቶ በ100 ዶላር በመሸጥ እንዴት የከተማ መነጋገሪያ እንደሆነ ተጽፏል። ኒፕሲ ነገሩን ወደ ሲዲ አዞረው፤ ዋጋው ራሱ ዜና ሆኖ ማስታወቂያውን ሠራለት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 1,000 ሲዲ በ100 ዶላር 100,000 ዶላር ነው። ይህ ጠቅላላ ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም። ሲዲ በካርቶን መያዣ ለማሳተም በ1,000 ቅጂ ደረጃ ከ1 እስከ 2 ዶላር አካባቢ ይወጣል፣ ስለዚህ ኅትመቱ ቢበዛ 2,000 ነው። ገንዘቡን የሚበላው ሌላው ነው፦ ስቱዲዮው፣ ሚክሲንግና ማስተሪንጉ፣ የቢት (የዘፈኑ ማጀቢያ ሙዚቃ) አዘጋጆቹ ክፍያ፣ ሽያጩ የተካሄደበት ቦታ፣ ጥበቃ፣ ግብር። በዚያ ላይ ሲዲውን ለገዙት ኮንሰርት ቃል ገብቶ ነበር፤ እሱም ወጪ ነው። እና ሚሊየነር የሚለውን ተዉት።

የቁጥሩ ክብደት የሚታየው ከሌላው መንገድ ጋር ሲተያይ ነው። አንድ ዘፋኝ ከኩባንያ ጋር 15 በመቶ ሮያሊቲ (ከሽያጩ የሚከፈለው ድርሻ) ተዋዋለ እንበል፤ ሲዲው በጅምላ 7 ዶላር ቢሸጥ ድርሻው 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ነው። 100,000 ዶላር ለመድረስ ከ95,000 ቅጂ በላይ መሸጥ አለበት፣ ያውም ኩባንያው አስቀድሞ የሰጠው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ከተቀነሰ በኋላ። በስትሪሚንግ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ መደመጥ 0.3 እስከ 0.4 ሳንቲም ያስገኛል ብንል ከ25 እስከ 33 ሚሊዮን ጊዜ መደመጥ ይፈልጋል።

#3 ነገር_ፈላጊ

ደረሰኝ፣ ሒሳቡ ገብቶኛል። ግን ሙዚቃው በነጻ ተለቆ እያለ ሰው 100 ዶላር የሚከፍለው ለምንድን ነው? እኛ ሰፈር ያለ ልጅ ይህን ቢያደርግ 3 ሲዲ አይሸጥም።

#4 ደረሰኝ

አይሸጥም፣ ልክ ነህ። ምክንያቱም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ነገር የለውም። ኒፕሲ ያንን ዋጋ የጠራው ስምንት ዓመት ያህል ሚክስቴፕ በነጻ ሲያድል ቆይቶ ነው። ገዢው የከፈለው ለዘፈኑ ሳይሆን ከ1,000ዎቹ አንዱ ለመሆን ነው።

ዘዴውን የሚቀዱ ሰዎች የሚወድቁባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱ ቁጥሩን አለማክበር ነው። 200 ብለህ ሸጠህ ስታበቃ ተፈላጊ ሆነ ብለህ 200 ብትጨምር የመጀመሪያዎቹን ገዢዎች አታለልክ፣ ሁለተኛ አይመጡልህም። እያንዳንዱን ቅጂ በእጅህ ቁጠረውና ፈርምበት። ሌላው ሳይታዘዝ ማሳተም ነው። መጀመሪያ ትእዛዝና ገንዘብ ተቀበል፣ ከዚያ አሳትም።

ብዛቱም ቴክኒኩን ይወስናል። ፋብሪካ ውስጥ በሻጋታ የሚታተም ሲዲ በአብዛኛው ከ300 ወይም ከ500 ቅጂ በታች አይቀበሉህም። ከዚያ በታች የሚሰጡህ በኮምፒውተር የተቃጠለ ሲዲ ነው። እሱ ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ቀለሙ ይደክማል፣ አንዳንድ የቆየ የመኪና ማጫወቻም አያነበውም። 40 ዶላር ከፍሎ የማይጫወት ሲዲ የደረሰው ሰው የሚጽፍልህን አስበው። ለ50 ቅጂ ፍላሽ ዲስክ ይሻላል፤ ዘፈኑን በዋቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል)፣ ግጥሙንና ፎቶውን አብረህ ታስገባበታለህ።

በነገራችን ላይ ኒፕሲ ዲሴምበር 31፣ 2014 ላይ "ሜይልቦክስ መኒ"ን በ1,000 ዶላር፣ 100 ቅጂ ብቻ ብሎ አወጣ። ዋጋውን አሥር እጥፍ ሲያደርግ ብዛቱን አንድ አሥረኛ አደረገው። ሁለቱም ቢሳካ ጠቅላላው ያው 100,000 ነው።

#5 ውል_አንባቢ

ስለ ማስተር ባለቤትነት ሲወራ ሁለት የተለያዩ መብቶች ይቀላቀላሉ። አንደኛው በዜማውና በግጥሙ ላይ ያለው መብት ነው። ሁለተኛው በተቀዳው ድምፅ፣ ማለትም በማስተሩ ላይ ያለው ነው። አንድ ዘፈን ሁለት ባለቤት፣ አንዳንዴ አሥር ባለቤት ሊኖረው ይችላል።

ኒፕሲ አትላንቲክ ጋር የገባው ውል ሽርክና ነበር፤ በየቃለ መጠይቁ ይደጋግም የነበረውም ማስተሩ የራሱ መሆኑን ነው። ስለዚህ "ከኩባንያ ጋር አልሠራም" የሚለው ተረት ጉዳዩን ያበላሸዋል። ከ2010 እስከ 2017 በራሱ ሠርቶ፣ ስምና ካታሎግ (የሠራቸውን ዘፈኖች ስብስብ) ይዞ ጠረጴዛው ላይ ስለቀረበ ነው በሽርክና ያናገሩት። በ2008 በዚያ ቦታ ላይ አልነበረም።

ውል የሚቀርብለት ልጅ መጀመሪያ የሚፈልገው ማስተሩን "ያስተላልፋል" ይላል ወይስ "ፈቃድ ይሰጣል" የሚለውን ነው። ማስተላለፍ ሽያጭ ነው። ፈቃድ ኪራይ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ ስንት ዓመት እንደሆነና ሲያልቅ ማስተሩ ወዲያው እንደሚመለስ በቁጥር ይጻፍ። ቀጥሎ ከድርሻው ላይ የሚቀነሰው ወጪ ምን ምን እንደሆነ፤ ቪዲዮው፣ ማስታወቂያው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ ሁሉ እሱ ላይ ይቆጠራል ወይ? ከዚያ የመጀመሪያው አልበም ኪሳራ ከሁለተኛው ገቢ ይቀነሳል የሚል አንቀጽ ካለ ማውጣት ነው። ካልወጣ ሁለተኛው አልበም ቢሳካም እጁ ላይ ምንም አይደርስም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሒሳባቸውን በባለሙያ የማስመርመር መብት። ይህን የሚከለክል ውል ላይ ሌላውን አንቀጽ ማንበብም ድካም ነው።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ቶሎ የሚገኝ ገንዘብ አለ። በሳተላይትና በኢንተርኔት ሬዲዮ የሚጫወተውን ሳውንድ ኤክስቼንጅ የሚባለው ተቋም ይሰበስባል። ከሚገኘው 50 በመቶ ለማስተሩ ባለቤት፣ 45 በመቶ ለዋናው ዘፋኝ፣ 5 በመቶ ለአጃቢዎች ይከፈላል። ማስተሩ የራስህ ከሆነ 95ቱ ያንተ ነው። ብዙ ነጻ ዘፋኝ ግን በዘፋኝነት ብቻ ይመዘገብና 50ውን ሳይጠይቅ ይቀራል። ሁለቱንም ምዝገባ አድርጉ።

#6 ማሲንቆና_ቢት

ውል_አንባቢ ላይ ልጨምር። የቢቱ ነገር ተረሳ። ከኢንተርኔት በ30 ዶላር የተገዛ ቢት በአብዛኛው ኪራይ ነው። ፈቃዱ ላይ "እስከዚህ ያህል መደመጥ" የሚል ገደብ አለበት፣ ያው ቢትም ለሌላ 50 ሰው ይሸጣል። ዘፈንህ ገደቡን ሲያልፍ ቢቱን የሠራው ልጅ ማስወረድ ይችላል። "ማስተሩ የኔ ነው" ማለት የምትችለው ቢቱን ለብቻህ ገዝተህ በጽሑፍ ካስፈረምክ ነው። በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት የሚተላለፈው ተጽፎ በተፈረመ ሰነድ ብቻ ነው። በቴሌግራም ድምፅ "ወንድሜ ያንተ ነው፣ ውሰደው" መባባል አይበቃም።

ሳምፕል፣ ማለትም ከሌላ ዘፈን ተቆርጦ የተወሰደ ድምፅ፣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። "ቪክትሪ ላፕ" ላይ ያለውን "ሀስል ኤንድ ሞቲቬት" ስሙ። የተሠራበት ድምፅ ጄይ ዚ በ1998 ያወጣው "ሃርድ ኖክ ላይፍ" ነው። ያ ራሱ ደግሞ በ1977 ብሮድዌይ ላይ ከወጣው "አኒ" ከተባለው የመድረክ ሙዚቃ የተወሰደ ነው። ሳምፕል በሳምፕል ላይ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ከላይ ያለውን አስፈቅደህ የታችኛውን ብትረሳ ዘፈኑ አልተፈቀደም። ለማስተሩ ለብቻ፣ ለዜማና ግጥሙ ለብቻ፣ በየደረጃው ትጠይቃለህ። በነጻ የሚለቀቅ ሚክስቴፕ ላይ ሰዎች ይህን ሳያደርጉ ያልፉ ነበር። ነጻ መሆኑ በሕግ መከላከያ አይደለም፣ ማንም ስለማይከታተል ነው የሚያልፈው። ያ ሚክስቴፕ በኋላ ስፖቲፋይ ላይ ሊወጣ ሲል ግን አንዳንድ ዘፈን ይቀየራል ወይም ይጎድላል።

#7 ፒያሳ_ካሴት

ሀገር ቤት ላለነው ይህ ሁሉ ሩቅ አይደለም። በካሴት ዘመን ዘፋኙ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት ባንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ይሄድ ነበር። ካሴቱ 5 ሺህ ይሸጥ 200 ሺህ፣ ለእሱ ለውጥ የለውም። ማስተሩ ሙዚቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የዚያ ዘመን ዘፈን ማን እንደሚሰበስብበት እዩ።

በእኛ ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በኋላ በአዋጅ 872/2007 የተሻሻለው (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ የድምፅ ቅጂ አዘጋጁም 50 ዓመት አለው። ወረቀቱ አለ። የሚጎድለው ዘፋኙ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት ወረቀት መጻፉ ነው።

የ100 ዶላሩ ሲዲ አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ አይሠራም ባይ ነኝ። ሲዲ ማጫወቻ ያለው መኪና ራሱ እየጠፋ ነው። ሊሠራ የሚችለው ውስን ትኬት ያለው የማስደመጫ ምሽት ነው፤ 60 ሰው የሚይዝ ቦታ፣ ጥሩ ስፒከር፣ አልበሙ ከመውጣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት። ገቢው ከዩቲዩብ ሊበልጥ ይችላል። የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፦ ስልክ። በር ላይ ካልሰበሰባችሁ በማግስቱ ሙሉው አልበም ቴሌግራም ላይ ነው።

#8 አስመራ_ካፌ

ከነገሩ ሳንርቅ፣ "ኢትዮጵያዊው ራፐር" እያላችሁ የምትለጥፉ እባካችሁ አስተካክሉ። ኤርትራዊ አሜሪካዊ ነው፣ ራሱም እንደዚያ ነበር የሚለው።

#9 ባላገሩ_በዲሲ

ሐበሻ ስንል ሁላችንንም ለማለት ነው እንጂ ልንነጥቃችሁ አይደለም ወንድሜ። ሲሞት ዲሲም ኦክላንድም አብረን ነው ያለቀስነው።

#10 ክሬንሾ_ማስታወሻ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አስመራ_ካፌ ያለው መረጃ ስለሆነ ርእሱ ላይ እንዲሁ ይቆይ። ፖለቲካ የሚጨምር ይሰረዛል።

#11 ወራሽ_አጣሪ

ከሞቱ በኋላ የሆነውን ልጻፍ፣ ለነጻ ዘፋኞች ትልቁ ትምህርት እዚህ ነው ያለው፤ ማንም አይነግራችሁም።

ኒፕሲ ኑዛዜ አልተወም። ይህን ሁሉ ንግድ፣ ኩባንያ፣ ሱቅ፣ ካታሎግ የያዘ ሰው ያለ ኑዛዜ ሄደ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያላገባ ሰው ልጆች ኖረውት ያለ ኑዛዜ ከሞተ ንብረቱ ለልጆቹ እኩል ይካፈላል። ፍርድ ቤት ውርሱን የሚያስተዳድር ሰው ይሾማል፤ ያ ሰው ታላቅ ወንድሙ ሳሚኤል አስገዶም ሆነ። እስከዚያ ድረስ ግን ማንም በስሙ ውል መፈረም አይችልም።

ቤተሰቡ እያዘነ ባለበት በ2019 ሌላ ወገን መጥቶ "ዘ ማራቶን ኮንቲኒውስ" የሚለውን አባባል በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ወንድሙ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው። የንግድ ምልክት ሥራ ላይ ባዋለው ሰው መብት ላይ የቆመ ቢሆንም፣ ቀድሞ የተመዘገበ ወረቀት ካለ ክርክሩ አጭር ነው፤ ከሌለ ጠበቃ፣ ማስረጃና ወራት ይበላል። ልብስ የሚሸጥ ዘፋኝ ስሙን በሙዚቃ ክፍልም በልብስ ክፍልም ለየብቻ ማስመዝገብ አለበት። አንዱ ምዝገባ ሌላውን አይሸፍንም።

ለወራሽ የሚቀመጠው ፋይል ውስጥ የሚገባውን ልንገራችሁ። የአከፋፋዩ (ዘፈኑን ለስትሪሚንግ መድረኮች የሚያደርሰው ድርጅት) መለያ ስምና የይለፍ ቃል መቀበያ ስልክ፣ ምክንያቱም ስልኩ ሲዘጋ መለያው ይዘጋል። የእያንዳንዱ ዘፈን አይ ኤስ አር ሲ ቁጥር፤ የተቀዳው ድምፅ መለያ ነው፣ 12 ፊደልና አኃዝ አለው፣ ዘፈኑ ወደ ሌላ አከፋፋይ ሲዛወር ያንኑ ቁጥር ካልያዘ የተደመጠው ብዛት ከዜሮ ይጀምራል። የድርሻ ወረቀቶች። የባንክና የግብር መረጃ። እና ሃርድ ዲስኩ የት እንዳለ።

ዓመታዊ ክፍያ የሚጠይቁ አከፋፋዮችንም ልብ በሉ። ካርዱ ሲዘጋ ዘፈኑ ከሁሉም መድረክ ሊወርድ ይችላል። ሟች ካርዱን አያድስም።

#12 ማሲንቆና_ቢት

ሃርድ ዲስኩን ካነሣህ አይቀር፦ የቀረጻ ፕሮግራሙን ፋይል ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም። ከአምስት ዓመት በኋላ ፕለጊኑ (ድምፅ የሚያወጣው ተጨማሪ ፕሮግራም) ላይከፈት ይችላል፣ ቢቱ ባዶ መስመር ሆኖ ይታያል። ዘፈኑ እንዳለቀ እያንዳንዱን ትራክ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ፣ 24 ቢት ዋቭ አድርጎ ማውጣት ነው፤ አንዱ ከኤፌክቱ ጋር፣ አንዱ ያለ ኤፌክት። ሁሉም ከዜሮ ከጀመሩ በየትኛውም ፕሮግራም ሲከፈቱ ይገጥማሉ። የዘፈኑን ፍጥነትና ቁልፍ በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት። ከሞት በኋላ የሚወጡ አልበሞች የሚበላሹበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ያለው ድምፅ ቢቱ የተለጠፈበት አንድ ፋይል ብቻ ይሆንና አዘጋጁ ድምፁን በሶፍትዌር ሲነጥለው ቆርቆሮ ይሆናል።

#13 ጆሮ_ለባለቤቱ

ሁሉም ስለ ወረቀት ሲያወራ ሙዚቃው ተረሳ እኮ!

ለማያውቀው፦ በ"ቪክትሪ ላፕ" ጀምሩ። 16 ዘፈን ነው። ማይክ ኤንድ ኪይዝ እና 1500 ኦር ናቲን የተባሉት አዘጋጆች እጅ በብዙው ላይ አለ፤ ቤዙ ወፍራም፣ ከበሮው ንጹሕ፣ የዌስት ኮስት ሽታ ያለው። ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ ላይ 4ኛ ሆኖ ገባ፣ በመጀመሪያው ሳምንት 53,000 አልበም የሚያህል፤ ከሞቱ በኋላ 2ኛ ደረሰ። ለግራሚ የዓመቱ ምርጥ የራፕ አልበም ታጭቶ አላሸነፈም። ያሸነፈባቸው ሁለቱ ግራሚዎች የመጡት ጃንዋሪ 2020፣ እሱ ሳይኖር ነው፤ አንደኛው ከሮዲ ሪችና ከሂት ቦይ ጋር በሠራው፣ ሌላው ከዲጄ ካሊድና ከጆን ሌጀንድ ጋር በሠራው።

ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ፦ "ክሬንሾ"፣ "ዘ ማራቶን ኮንቲኒውስ" (2011)፣ "ዘ ማራቶን"። የ2008 እና የ2009ዎቹን መጨረሻ ላይ ስሟቸው፤ ጥሬ ናቸው፣ የሌሎች ተጽዕኖ ይበዛባቸዋል፣ ግን ድምፁ እንዴት እንደረጋ ይታያችኋል።

እሱን የሚመስሉ ልጆች የሚሳሳቱት ፍጥነት ላይ ነው። ኒፕሲ አይሮጥም። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ቦታ ይተዋል፣ ቢቱ እንዲናገር። ቤት መድፊያው ብዙ ጊዜ ተራ ነው፤ ክብደቱ ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው፣ ስንት ብር፣ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ዓመት። ያን ዝርዝር ሳይዙ ዝግ ብሎ መናገሩን ብቻ የሚቀዱ አሰልቺ ይሆናሉ። በአማርኛ ደግሞ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤቱ ሁሉ በ"አለሁ" እና በ"ነበር" ይደፋል፤ ይህን ለማምለጥ ስሙን ወደ መጨረሻ ማዞር ነው፣ የድሮ አዝማሪዎች የሚያደርጉት።

#14 መዝገብ_ቤት

ሚክስቴፖቹን መሰብሰብ ለምትፈልጉ፤ የዚያ ዘመን የነጻ ሚክስቴፕ ድረ ገጾች እየደከሙና እየጠፉ ስለሆነ ጊዜ የለም።

ፋይሉ ስሙ ላይ 320 (ኪሎቢት በሰከንድ፣ የኤምፒ3 ጥራት መለኪያ) ስላለ 320 ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ከ128 ኤምፒ3 እንደገና የተቀየሩ ናቸው። ስፔክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አውርዳችሁ ፋይሉን ጣሉበት። የድምፁ ሥዕል 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ ላይ እንደ ቢላ ከተቆረጠ ከ128 የመጣ ነው። ወደ 20 የሚደርስ ከሆነ እውነተኛ 320 ሊሆን ይችላል። የተቆረጠውን ወደ ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ ፋይል) መቀየር ቦታ መጨረስ ነው፣ የጠፋው አይመለስም።

የመጀመሪያውን ዕትም ከስትሪሚንጉ ለመለየት የዘፈኖቹን ብዛትና የእያንዳንዱን ደቂቃ አወዳድሩ። የዲጄ ድምፅ መሐል ላይ ካለ የመጀመሪያው ሚክስቴፕ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እሱን አትሰርዙ፣ ታሪኩ እሱ ነው።

ካገኛችሁ በኋላ ሦስት ቅጂ አድርጉ፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለእያንዳንዱ ፋይል ኤስኤችኤ 256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ኮድ) አውጥታችሁ በጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ፤ በዓመቱ ስታነጻጽሩ አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል። መልሳችሁ ዩቲዩብ ላይ አትጫኑ። የወራሾቹ ነው።

#15 ባላገሩ_በዲሲ

ጥያቄ አለኝ። የመታሰቢያ ምሽት እያዘጋጀን ነው፣ ፎቶው ያለበት ቲሸርት አሳትመን ብንሸጥና ገቢውን ለማኅበራችን ብናደርግ ችግር አለው?

#16 ወራሽ_አጣሪ

አለው። ለበጎ ሥራ መሆኑ አያድናችሁም። በካሊፎርኒያ ሕግ የታዋቂ ሰው ስም፣ ድምፅና መልክ ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት የወራሾቹ ነው። ያለ ፈቃድ ዕቃ ላይ አትሞ የሸጠ ቢያንስ 750 ዶላር ወይም የደረሰውን ጉዳት፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይከፍላል፤ ትርፉንም ሊመልስ ይችላል። የምትኖሩት ዲሲ ቢሆንም ድረ ገጽ ላይ ለካሊፎርኒያ ሰው ከሸጣችሁ ነገሩ እዚያ ይደርሳል። ፎቶውም የፎቶግራፍ አንሺው ነው፣ እሱ ሌላ ፈቃድ ነው። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ሥዕል ከሆነ ሠዓሊ አለው።

የሚቻለው፦ የራሳችሁን ማኅበር ስምና ቀኑን ብቻ የያዘ ቲሸርት፣ ወይም ቤተሰቡ ከሚያስተዳድረው ማራቶን ከተባለው የኒፕሲ የልብስ ንግድ ገዝቶ መልበስ።

ለምሽቱ አዳራሹ የአስካፕና የቢ ኤም አይ (ለዜማና ግጥም ባለቤቶች ክፍያ የሚሰበስቡ ድርጅቶች) ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፤ ምግብ ቤትና ክለብ አብዛኛው አለው፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ግን ለአምልኮ ብቻ ነው የሚሸፈነው። በኢንስታግራም ላይቭ የምታስተላልፉ ከሆነ ዘፈኑ ሲጀምር ድምፁ ሊቆረጥ ይችላል። ንግግሩን አስተላልፉ፣ ሙዚቃው ሲመጣ ላይቩን ዝጉ።

#17 ነገር_ፈላጊ

#11 ላይ "የድርሻ ወረቀቶች" ተብሏል። ምን ይጻፍበታል?

#18 ውል_አንባቢ

አንድ ገጽ ነው። የዘፈኑ ርእስ፣ የተቀዳበት ቀንና ስቱዲዮ። ከዚያ ሁለት ሠንጠረዥ። በአንዱ ዜማና ግጥም፦ የእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ሕጋዊ ስም፣ አባል የሆነበት ሰብሳቢ ድርጅትና የአባልነት ቁጥሩ፣ ድርሻው በመቶኛ። በሌላው ማስተሩ፦ ማን ምን ያህል። የየሠንጠረዡ ድምር ልክ 100 መሆን አለበት፤ 33፣ 33፣ 33 ብላችሁ 1 በመቶውን አየር ላይ አትተዉ፣ ድምሩ ካልገጠመ ምዝገባው ይመለስባችኋል። ሳምፕል ካለ ከየት እንደሆነ ከሥሩ ይጻፍ። የመድረክ ስም ብቻ አይበቃም፤ "ኒፕሲ ሀስል" ብሎ ቼክ የሚጽፍ ባንክ የለም፣ ኤርምያስ አስገዶም ነው የሚለው።

የሚፈረመው ያው ሌሊት፣ ከስቱዲዮ ሳይወጣ ነው። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ሁሉም ሰው 50 በመቶ እንደጻፈ ያስታውሳል።